ማረሻውን ማን ሠራው?
ስለ ገበሬና ስለ ተመራማሪ የጋራ ሥራ

አዲስ የእርሻ መሣሪያ ወይም አዲስ ዘር ወደ ገጠር በወረደ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ገበሬው ተቀበለው ወይስ አልተቀበለውም?» የሚል ነው። ከተቀበለ «የነቃ ገበሬ» ይባላል፤ ካልተቀበለ ደግሞ «ለውጥ የማይወድ» የሚል ስም ይሰጠዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የምንሻው ግን ከዚህ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። ይኸውም መሣሪያው ሲታሰብ ገበሬው የት ነበር? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድን ሰው ስለ ገዛ ማሳውና ስለ ገዛ እንጀራው በሚወሰን ነገር ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማስቀረት፣ የሚሰጠው ነገር መልካም እንኳ ቢሆን፣ የማሰብ ክብሩን መንፈግ ነውና።

ምድርን ሳያደክም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ እርሻ እንዲኖር ገበሬና ተመራማሪ አብረው መሥራት አለባቸው የሚለውን ሐሳብ ዛሬ በግልጽ የሚቃወም የለም። በየስብሰባው ይነገራል፤ በየፕሮጀክቱ ሰነድ ይጻፋል። ነገር ግን «አብሮ መሥራት» ማለት ምን ማለት ነው? እኛ እንደምናምነው አብሮ መሥራት ሦስት ነገሮችን መካፈል ይጠይቃል። እነርሱም ጥያቄውን መካፈል፣ ጉዳቱን መካፈልና ፍሬውን መካፈል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የተሠራው ሥራ ጠቃሚ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ የጋራ ሥራ ተብሎ ሊጠራ ግን አይገባውም። ይህን ሐሳባችንን በአገራችን በተፈጸሙ ነገሮች እየደገፍን እንመልከት። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ጥያቄውን መካፈል

በአገራችን ከሚገኘው የእርሻ መሬት ሰፊ ክፍል የያዘው ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። የአፈር ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል የዚህ ዓይነት አፈር እንደሚገኝ፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋማው ክፍል እንዳለ ይገምታሉ። ዋልካ ለም አፈር ነው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ቋጥሮ እንደ ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ዋናው ዝናብ እስኪያልፍ ጠብቆ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራውን፣ ጓያውን ወይም ስንዴውን ይዘራል። በዚያ ሁሉ የክረምት ጊዜ መሬቱ ራቁቱን ይቆያል፤ ጎርፍም አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ግን ለዚህ ችግር ከአባቶቻቸው የወረሱት መፍትሔ ነበራቸው። ማሳው ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ። በመደቦቹ መካከል የሚቀረው ቦይ ውሃውን ያፈሰዋል፤ ዘሩም ሳይሰጥም ይበቅላል። ሥራው ወገብ የሚቆርጥ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ከአገራችን ውጭ፣ በሕንድ፣ ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ለዚሁ ዓይነት ጥቁር አፈር ይህንኑ የመሰለ የመደብና የቦይ አሠራር አጥንቶ ነበር። መደቡን የሚያወጣው መሣሪያ ግን በበሬ የሚጎተትና ባለ መንኩራኩር የሆነ የብረት መሣሪያ ነበር። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በምርምር ጣቢያ ሲታዩ የሚደነቁ ነበሩ። ሆኖም ፖል ስታርኪ የተባለው የእርሻ መሣሪያዎች ባለሙያ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በልዩ ልዩ አገሮች በ30 ዓመታት ገደማ ውስጥ ከ45 በላይ በሆኑ ንድፎች 10,000 ያህል መሣሪያዎች ተሠርተው ሳለ፣ በታሰበው መልክ ለብዙ ዓመታት የተገለገሉባቸው ገበሬዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዋጋቸው ውድ፣ ክብደታቸው ከባድ፣ ጥገናቸውም አስቸጋሪ ነበር። መሐንዲሱ «ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ የትኛው ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን አግኝቷል። ገበሬው ቢጠየቅ ኖሮ ግን የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ «በእኔ በሬ፣ በእኔ ገንዘብ፣ በእኔ አንጥረኛ የሚሆነው የትኛው ነው?» ይል ነበር።

በ1986 ኢልካ የተባለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢክሪሳት፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ሚኒስቴር ስለ ዋልካ አፈር በአንድነት ማጥናት በጀመሩ ጊዜ ሥራው ከሌላ ቦታ ተነሣ። መነሻ የሆነው ገበሬው በእጁ የያዘው ማረሻ ነበር። ሁለት ማረሻዎችን ጎን ለጎን አጣምረው፣ አፈሩን ወደ መካከል የሚሰበስብ ክንፍ አበጁላቸው። አንድ ጥማድ በሬ እየጎተተው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተገኘ። ከኋላው የሚጎተተው ሰንሰለት ደግሞ ዘሩን አፈር ያለብሰዋል። መጀመሪያ የእንጨት የነበረው ክንፍ በኋላ በብረት ተተካ። የልማት ሠራተኞች «ቢቢኤም» የሚሉት ይህ ነው። በእርሱ የተዘጋጀው ማሳ ገና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሊዘራ ስለሚችል አፈሩ በክረምት ሰብል ይለብሳል፤ የእናቶችም እጅ ከጭቃ ያርፋል።

እንግዲህ ይህን ማረሻ ማን ሠራው? ማረሻው የገበሬው አያቶች ነው፤ መደቡ የእነዋሪ እናቶች ነው፤ ልኩና ክንፉ የተመራማሪዎች ነው። ከእነዚህ አንዱን ብናወጣ መሣሪያው አይገኝም። ጥያቄን መካፈል ስንልም ይህን ማለታችን ነው። ገበሬው የሚጠራው የተጠናቀቀውን ነገር እንዲያጨበጭብለት መሆን የለበትም፤ ምን እንደሚፈለግ በሚነገርበት ሰዓት በወንበሩ ተቀምጦ ሊገኝ ይገባዋል።

ሁለት ግማሽ ዕውቀት

በዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ያስፈልገናል። የገበሬውን ዕውቀት ማክበር ማለት ገበሬው የሚያምነው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ጓያን እንውሰድ። ጓያ ሲዘወተር እግርን ሽባ እንደሚያደርግ ገጠሬው ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ እንደማይከዳም ያውቃልና እያወቀ ይዘራዋል። ነገር ግን በሽታው በጓያ ማሳ ውስጥ በማለፍ ወይም ጓያው ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ጭምር ይመጣል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። መርዙ በፍሬው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር መሆኑ ተለይቶ የታወቀው በ1960ዎቹ በቤተ ሙከራ ነው። ገበሬው ጠላቱን ለይቶ አውቆታል፤ የሚመጣበትን በር ያሳየው ግን ሳይንስ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ሳይንስ ያላየውን ገበሬው ያየበት ጊዜ አለ። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በ1995 ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ የጤፍ ዝርያ አወጡ። በሚዛን ሲታይ ከሌሎቹ የበለጠ ነበር፤ ነገር ግን የፍሬው ንጣት የገበያውን ሰው አላረካም። ገበሬው የሚፈልገው ብዙ ኩንታል ብቻ ሳይሆን ገበያ ሲወጣ እንደ ማኛ የሚፈለግ ጤፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ተረድተው ያንን ምርታማ ዝርያ በጣም ነጭ ከሆነው ሌላ ዝርያ ጋር አዳቀሉት። በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ የዚህ ፍሬ ነው፤ በገበሬዎችም ዘንድ በፍጥነት ተወዳጅ ሆነ። ከዚህ የምንማረው «ምርት» የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱ ወገኖች ዘንድ አንድ ትርጉም እንዳልነበረው ነው።

በዚሁ መንገድ በ2012 እና በ2013 በትግራይ ሀገረ ሰላምና በወሎ ገረገራ በተካሄደ ጥናት፣ ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች 400 የሚሆኑ የስንዴ ዝርያዎችን በማሳ ላይ እየተዘዋወሩ እንደ ራሳቸው መመዘኛ ነጥብ ሰጧቸው። ተመራማሪዎቹም የገበሬዎቹን ነጥብ ከልኬታቸው ጋር አስተያዩት። በዘረ መል ባንክ ተቀምጠው ከነበሩት የአገር ስንዴዎች መካከል ከተሻሻሉት ዝርያዎች የሚበልጡ ተገኙ። የገበሬው ዓይን መለኪያ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ተረጋገጠ። ሴቶቹም መጠየቃቸው እጅግ ተገቢ ነበር። «ገበሬው ተጠይቋል» በሚባልበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተጠየቀው የቤቱ አባወራ ብቻ ነውና። እህሉን የምታበጥረው፣ የምታስፈጨውና የምትጋግረው ሴት ስለ ዘሩ የምታውቀው አባወራው የማያውቀው ነገር አላት።

ጉዳቱን መካፈል

ስለ ጥያቄው መካፈል የሚናገሩ ብዙ ሰዎች ስለ ጉዳቱ ሲነሣ ዝም ይላሉ። እውነተኛው የፍትሕ ፈተና ግን እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙከራ በከሸፈ ጊዜ ተመራማሪው የአንድ ዓመት ሥራ ያጣል፤ ድርጅቱ ከበጀቱ ጥቂት ያጣል። መክሸፉ እንኳ ለተመራማሪው ትምህርት ይሆነዋል፤ ጽፎ ያሳትመዋል። ገበሬው ግን የሚያጣው የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ነው። ለአንዱ «ውጤት» የሆነው ለሌላው ረኃብ ነው። ስለሆነም ሁለቱ አብረው ሞከሩ በምንልበት ጊዜ እኩል ሞከሩ ማለታችን አይደለም።

ቢቢኤምን ዳግመኛ እንመልከት። መሣሪያው በመልካም መንገድ የተሠራ ሆኖ ሳለ መስፋፋቱ ለብዙ ዓመታት አዝጋሚ ነበር። ምክንያቱ ማረሻው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከእርሱ ጋር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይመጣል፤ ለእነዚህም ብድር ያስፈልጋል። በጭቃው ወራት በሬው ሊጎትተው ይገባል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ነው። አንድ ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ገበሬው ይህን ሁሉ ሲያሰላ ያመነታል። ማመንታቱን ድንቁርና ልንለው አይገባም። ዝናብ ሊቀር ይችላል፤ ዕዳ ግን አይቀርም። ሣሩን ሲያይ ገደሉን ላላየው በሬ የተተረተውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጉዳቱን ከሁሉ በላይ መሸከም የሚገባው ከሁሉ በላይ ሊሸከመው የሚችለው ወገን ነው። አዲስ ነገር በገበሬው ማሳ ሲሞከር በመጀመሪያው ዓመት በጥቂት ቦታ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ ወጪውም በፕሮጀክቱ እንዲሸፈን፣ ምርቱ ከተለመደው ያነሰ እንደ ሆነ ልዩነቱ ለገበሬው እንዲተካለት አስቀድሞ ቢዋዋሉ ይህ ምጽዋት አይባልም፤ የሚገባ ክፍያ ነው። ገበሬው ማሳውን ለሁሉ የሚጠቅም ዕውቀት ይገኝበት ዘንድ አውሶአልና። ሁለተኛ፣ የገበሬው እምቢታ ሊደመጥ ይገባዋል። እምቢታ ብዙ ጊዜ ገና ያልተጻፈ ዕውቀት ነው። ከመሣሪያው የጎደለውን የሚነግረን እርሱ ነው።

ከጉዳት ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ከአንዱ ማሳ በቦይ የወጣው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ደግሞ የጎረቤት ማሳ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን መደብ ቢያወጣ የእርሱ ስንዴ ይድናል፤ የጎረቤቱ ግን ይሰጥማል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ የሚጠቅመው ባለ ማሳዎቹ ተመካክረው ውሃው የሚያልፍበትን የጋራ ቦይ ሲቆፍሩ ነው። መሐንዲስ የሚነድፈው ማረሻውን ነው፤ ቦዩ በማን ድንበር እንደሚያልፍ፣ ማን ከመሬቱ እንደሚለቅ፣ በየዓመቱ ማን እንደሚጠርገው ግን የሚወሰነው በሽማግሌዎች ሸንጎና በጎረቤቶች ስምምነት ነው። በእርሻ ፈጠራ ውስጥ ዕርቅና ውል ከብረትና ከእንጨት ያላነሰ ቦታ አላቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፍሬውን መካፈል

ሦስተኛው የፍሬው ነገር ነው። ፍሬ ስንል ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ስምንም ማለታችን ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ለሺህ ዓመታት ዘር ሲመርጥ ኖሮአል። መልካሙን ዛላ ለይቶ፣ በጎታና በቅል አስቀምጦ፣ ለልጁ አውርሶአል። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ገብሳቸውን ያጠቃውን ቢጫ አቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ሲፈልጉ ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ ነው። ያንን ገብስ ያቆዩት ገበሬዎች ስም ግን በየትም አልተጻፈም።

በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ይህን ሀብት ለመጠበቅ ታስቦ የተመሠረተ ነው። ማዕከሉን ከ1979 እስከ 1993 የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ተገነዘቡ። በረኃብ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ሲገደድ የጠፋው ዘር ወደ ማሳው እንዲመለስ፣ ገበሬዎቹም ራሳቸው እየመረጡና እያሻሻሉ እንዲጠብቁት ከእነርሱ ጋር ሠሩ። ለዚህም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በዚህ አሠራር ገበሬው ዘር ሰጪ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከሳይንቲስቱ ጋር የዘር ጠባቂና አዳቃይ ሆነ።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በጤፍ አይተናል። በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም ለመካፈል ተዋውሎ የጤፍ ዘር ወሰደ። በ2007 ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮጳ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መብቱ አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ተብሎ በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው በ2018 መጨረሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለእኛ እናቶች ከጥንት የታወቀ የዱቄት ሥራ በሕግ የሌላ ሰው ፈጠራ ሆኖ ተመዝግቦ ቆየ። ነገሩ የሚያሳየን ውል መኖሩ ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ነው። አገራችን በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸውና ከጥቅሙ ድርሻ እንደሚገባቸው ደንግጋለች። ሕጉ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠብቀው ስሙን የሚያውቅ፣ ድርሻውንም የሚጠይቅ ባለቤት ሲኖር ነው። ባለቤት ያልጮኸበትን ጎረቤት አይረዳም ይባል የለምን?

የሚቀርብ ተቃውሞ

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን «ይህ ሁሉ ምክክር ጊዜ ይፈጃል፤ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ አፈሩ እየታጠበ፣ ዝናቡም እየተዛባ ሳለ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የተራበ ሰው ስብሰባ አይበላም። ደግሞም ሁሉን ነገር ሁሉ ሰው ሊወስን አይችልም፤ የዕፅዋትን በሽታ በቤተ ሙከራ መለየት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያለ ገበሬው የተሠሩት እነዚያ 10,000 መሣሪያዎች የፈጁት ጊዜና ገንዘብ ከምክክሩ ያነሰ ነበርን? አዲስ የጤፍ ዝርያ ምርታማ ሆኖ ሳለ 11 ዓመት ቆይቶ በቁንጮ መተካቱ ምን ያስተምረናል? አስቀድሞ መጠየቅ የሚያዘገይ ቢመስልም ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ እርሱ ነው።

ከዚህም በላይ፣ አቋራጭ መንገድ ቢገኝ እንኳ ጥያቄው አይቀርም። ያለ ገበሬው ተሳትፎ ምርቱ ቢጨምርና ገበሬው ግን በገዛ መሬቱ የሌላ ሰው አሳብ ፈጻሚ ሆኖ ቢቀር፣ ያንን እርሻ ዘላቂ ልንለው እንችላለን? አፈር የሚጠበቀው ነገም በዚያ ማሳ ላይ በሚቆም ሰው ነው። ያ ሰው የሠራውን የራሱ አድርጎ ካላየ፣ ፕሮጀክቱ ባለቀ ማግስት ቦዩ ይደፈናል፤ ብረቱም በጓሮ ይዝጋል።

እንግዲህ በልማት ሥራ የተሰማራን፣ በየቁምስናው የልማት ኮሚቴ የምናገለግል፣ ወይም ከከተማና ከውጭ አገር ሆነን ለገጠር ወገኖቻችን ገንዘብ የምንልክ ሁላችን፣ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ዘር ሲቀርብልን ዋጋውንና ምርቱን ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ችግሩ ይህ ነው ያለው ማን ነው? ባይሳካ የሚጎዳው ማን ነው? ቢሳካ በማን ስም ይጻፋል፤ ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል? ለሦስቱም ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ውስጥ ገበሬው ከሌለ፣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ሰነዱ ወደ መጣበት ተመልሶ ከባለ ማሳዎቹ ጋር እንደ ገና እንዲታይ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ገበሬው በሁለተኛው ላይ ብቻ የሚገኝ እንደ ሆነማ፣ ማለትም ጉዳቱ ብቻ የእርሱ ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የጋራ ብሎ መጥራት ራሱ ሐሰት ነው።